ግንባሯ ወይስ ግንባሩ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ነው። ቀሃ ወንዝ ዳር ካለ ሾላ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ወፍ አየሁ። ግንባሯም መንቁሯም ቀይ ነው፤ ፍሬውን እየቦጨቀች ትበላለች። ለልጄ «በቀቀን ናት» ብላት ጓደኛዬ «በቀቀንስ የሚናገረው ትልቁ ነው፤ ይቺ የፍቅር ወፍ ናት» አለችኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። በቀቀን የወገኑ ሁሉ መጠሪያ ነው፤ ሰው የሚያስመስለውን ግራጫውንም፣ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆነውን የደጋችንን ወፍም ይይዛል። ጓደኛዎን ያሳታቸው «እንደ በቀቀን መድገም» የሚለው አነጋገር ሳይሆን አይቀርም። «የፍቅር ወፍ» ከባሕር ማዶ የመጣ ስም ነው። እርግጥ አጋፖርኒስ የሚለው የሳይንስ ስሟም ከግሪክኛው «ፍቅር» እና «ወፍ» የተገጠመ ነው፤ ጥንዶቹ ተጠጋግተው ስለሚውሉ ነው። ለእኔ ጆሮ ግን የሠርግ ካርድ ይሸታል። የወንዱ ክንፍ ከሥሩ ጥቁር ስለሆነ «ጥቁር ክንፍ በቀቀን» ማለት ይሻላል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። «ግንባሯ ቀይ ነው» ብለዋል። አማርኛ ትንሽና ደስ የሚል ነገር ሲያይ ፆታ ሳይጠይቅ «አንቺ» ማለት ይወዳል፤ ወፏ፣ አይጧ፣ ጎጆዋ እንላለን። ወንድ ልጅን እንኳ ስናቆላምጥ «አንቺ» የምንልበት ጊዜ አለ። በዚህች ወፍ ላይ ግን ልማዱ ያጋጫል፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነውና። ሴቷ መንቁሯ ቀይ ቢሆንም ግንባሯ እንደ ገላዋ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ እርስዎ ያዩት ወንዱን ነው። ለልጅዎ ሲያወሩ «ወፏ» ቢሉ ማንም አይከስዎትም። ወፍ ለመለየት በሚጻፍ ማስታወሻ ላይ ግን «ግንባሯ ቀይ የሆነች» ብሎ መጻፍ አንባቢውን ሴቷን ፍለጋ ይሰደዋል። «ወንዱ» እና «ሴቷ» ብሎ መለየት ይገባል።

«እየቦጨቀች» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ትለቅማለች» ቢሉ ዶሮ መስላ ትታየኝ ነበር። ጥድ ላይ ካገኟት ግን «ትፈለፍላለች» ይበሉ፤ እዚያ የምትሻው ዘሩን ነው። እንቁላል ስትፈለፍል ስለምትኖርበት ቦታም ቢጽፉ «ጎጆዋን ሠራች» አይበሉ፤ ጫጩቶቿን የምትፈለፍለው የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ ነው፤ ማታም እዚያው ታድራለች።