ባጃጅ እየነዱ ተመስጦ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጁ የራሴ ስላልሆነ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ አስገባለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት ነው የምገባው። ገዳም ደርሰው የመጡ ጓደኞቼ ስለ ተመስጦና ስለ አርምሞ ሲያወሩ እቀናለሁ። እኔ ውዳሴ ማርያም ስጀምር እንኳ ሐሳቤ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ይሄዳል። አንዱ ጓደኛዬ "አቦ አታካብድ፤ እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ አለ፤ ሥራህ ራሱ ጸሎት ነው" ይለኛል። ሌላው ከሰዓት ጫቱን ይዞ ይቀመጥና ዝም ብሎ ቆይቶ "ይሄም እኮ ተመስጦ ነው" ይላል። እንደ እኔ ያለ ሰው እግዚአብሔርን በውሎው ውስጥ ሊያገኘው ይችላል? ሰባቱን የጸሎት ጊዜያትስ እንዴት ላድርስ? መቁጠሪያዬንም ባጃጁ መስታወት ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እሱስ ነውር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኘኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ እየዋለ አርምሞ የሚናፍቅ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛህ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ካደረበት ሜዳ ሲነቃ "በእውነት እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር" ብሏል። መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ነው። ቦታውም ቤተ መቅደስ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን እዚያ ነበር። ስለዚህ ሳቢያንም አለ፣ ከዚራም አለ፣ መጋላም አለ። እዚህ ድረስ ከጓደኛህ ጋር ነኝ።

"ሥራህ ራሱ ጸሎት ነው" የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ይህን የሚሉኝን ሰዎች ሳያቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ ጸሎቱን የተዉ ናቸው። ምክንያቱን ያገኙት በኋላ ነው።

የመነኮሳት አባት ስለሚባሉት ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በግብፅ በረሃ ብዙ ዘመን ከተጋደሉ በኋላ፣ ከእርሳቸው ጋር የሚተካከል ሰው ከተማ ውስጥ እንዳለ ተገለጠላቸው። ሰውየው ሐኪም ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል። በየቀኑም ከመላእክት ጋር "ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ" እያለ ያመሰግናል። ታሪኩን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን "ከተማ ውስጥ" የሚለው ላይ ቆሞ ይቀራል። ሐኪሙ ሐኪም በመሆኑ ብቻ ከአባ እንጦንስ ጋር አልተካከለም። ይሠራል፣ ይሰጣል፣ ደግሞም ያመሰግናል። አንዱ ሌላውን አልተካለትም።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ ልምጣ። ይህን ነገር ድሬም ሐረርም ደጋግሜ ስለሰማሁት ትንሽ ልቆይበት። የጫት ምርቃና ዝም ያሰኛል፤ አልክድም። ሰውየው ትራስ ተደግፎ ሩቅ ያያል። ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ሲነሣ ቤቱም የለም፣ መኪናውም የለም። አንዳንዴ ለልጆቹ ወተት የሚገዛበትም የለም። ሌሊቱን ዱካክ፣ የጫት ቅዠት፣ ያስጨንቀዋል፤ ወይ ደግሞ ጨብሲ፣ ምርቃናውን የሚሰብርበት መጠጥ፣ ፍለጋ ይወጣል። ከጸሎት የተነሣ ሰው እንዲህ አይሆንም። ቁጣው በርዶ ይነሣል። የገዛ ኃጢአቱ ይታየዋል፤ የሰው ኃጢአት ደግሞ ይጠፋበታል። ምርቃና የሚያሳይህ ራስህን ነው፤ ያውም አሳምሮ። ጫት ለክርስቲያን አይገባም የምንለው ለጤናና ለገንዘብ ብቻ አስበን አይደለም። ሰው እግዚአብሔርን ሊሰማበት የሚችለውን ዝምታ በሐሰት ስለሚሞላበትም ነው። ጓደኛህን ግን አትናቀው። ዝምታ ተርቧል። በር ተሳስቶ ነው።

አባቶች የቅድስናን መንገድ በዐሥር መዓርጋት ከፍለው ያስተምራሉ። የመጨረሻው ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ፣ ቅድስት ሥላሴን ማየት፣ ነው። እሱን ለደረሱበት እንተወውና ከታች ያሉትን ሦስቱን እንያቸው፦ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ። ጽማዌ ጭምትነት ነው፤ አንደበትን፣ ዓይንን፣ ጆሮን መሰብሰብ። ልባዌ ልብ ማለት፣ የሚሉትን ማስተዋል ነው። ጣዕመ ዝማሬ የጸሎቱ ቃል መጣፈጥ ሲጀምር ነው። ቅደም ተከተሉን ተመልከት። እኛ ከሦስተኛው እንጀምራለን። ውዳሴ ማርያም ገና ስንከፍት እንዲጣፍጠን እንፈልጋለን። ካልጣፈጠን "ለእኔ አልተሰጠኝም" ብለን እንዘጋዋለን። ቀኑን ሙሉ ስፒከር ሲጮህበት፣ ስልክ ሲያወራ፣ ከሌላ ባጃጅ ጋር ሲሰዳደብ የዋለ ሰው ማታ ሐሳቡ ቢበተን ምን ይገርማል?

ስለዚህ የአንተ ጽማዌ ከስፒከሩ ይጀምር። ከሳቢያን ከዚራ አንዱን ምልልስ ያለ ሙዚቃ ንዳ። በዚያ ምልልስ ቢሰድቡህ አትመልስ። በሳምንቱ ሁለት አድርገው። ቀላል እንዳይመስልህ፤ ሞክረኸው ንገረኝ።

ሐሳብህ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሲሄድብህም አትደንግጥ። ከሐሳቡ ጋር አትታገል። "ጌታዬ፣ ነገ ቤንዚን ባላገኝ ገቢውን ከየት አመጣለሁ?" ብለህ ለእርሱ ንገረው። ከዚያ ወዳቆምክበት መስመር ተመለስ። አሥር ጊዜ ብትሄድ አሥር ጊዜ ተመለስ። ያ መመለስ ራሱ ልባዌን ያስተምርሃል።

ሰባቱ ጊዜያት ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። መሠረታቸው "ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" የሚለው የዳዊት ቃል ነው። ነግህን ከቤት ሳትወጣ፣ ንዋምን ሳትተኛ ቆመህ አድርስ። የባጃጁን ገቢ በየቀኑ ሳታጓድል እንደምታስገባ ሁሉ እነዚህን ሁለቱንም እንዲሁ አስገባ። የመንፈቀ ሌሊቱን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገርበት። ድካምህን አይተው የሚሆንህን ይሰጡሃል።

ቀን ላይ ያሉት አራቱ አጭር ይሁኑ። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት ነው። ድሬ ላይ 6 ሰዓት ምን እንደሚመስል ላንተ አልነግርህም። አስፋልቱ ይግላል፣ ተሳፋሪ ይጠፋል፣ አንተም ዛፍ ጥላ ሥር ታቆማለህ። እዚያው አቡነ ዘበሰማያት ድገም። ውኃህን ከመጠጣትህ በፊት በመስቀል ላይ "ተጠማሁ" ያለውን አስብ፤ ከዚያ ጠጣ። 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። በከተማችን ያ ሰዓት የማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ከቅጠሉ ላይ ውሰደው። 11 ሰዓት ወደ መቃብር የወረደበት ነው። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አዛን ሲሰማ ሱቁን ገርበብ አድርጎ የሚሄደውን ጎረቤታችንን በየቀኑ እናየዋለን። ጊዜ የለኝም የምንለው እኛ ነን።

በሰዓት ብቻ ሳይሆን በቦታም ማሰብ ይቻላል። የደቻቱን ድልድይ በቀን ስንት ጊዜ ትሻገራለህ? በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ያ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድልድዩ ላይ ስትደርስ "ነፍሳቸውን ይማር" በል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ነው የሄደው። ሆስፒታል በር ላይ ሰው ስታወርድም "ማርልን" በል። ድምፅህን ማሰማት የለብህም።

እኔንም ስማኝ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ። አጠገቤ የነበሩት እናት ከቀፊራ ገበያ ገዝተው የጫኑት ሽንኩርት፣ ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ እግሬ ሥር ተበተነ። "ምን አለ አጥብቀው ቢይዙት!" ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው "ይቅር በለኝ ልጄ" እያሉ ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። ሹፌሩ ባጃጁን አቆመና ወርዶ አብሮ ለቀመ። እኔ መጽሐፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። የከፈትኩት መዝሙር 50 ነበር፤ "አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ"። በዚያች ባጃጅ ውስጥ ማን ሲጸልይ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሹፌሩ ያንተ ጓደኛ ይሆናል፤ ካገኘኸው ሰላም በልልኝ።

"ጸሎቴ ካጠረ ይሰማል ወይ?" እንዳትል ነህምያን አስብ። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ "ምን ትለምነኛለህ?" አለው። ነህምያ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ንጉሥ ቆሞ አይጠብቅም፤ ጸሎቱ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ግን ያች ትንፋሽ ባዶ እጇን አልመጣችም። ነህምያ ከዚያ በፊት የኢየሩሳሌምን ቅጥር መፍረስ ሰምቶ ብዙ ቀን አልቅሷል፣ ጾሟል፣ ጸልዮአል። ተሳፋሪ በዋጋ ሲከራከርህ፣ ትራፊክ ሲያስቆምህ፣ ከመመለስህ በፊት "እግዚኦ" በል። ጠዋት የቆምክበት ነግህ ከኋላዋ ይኖራል። እሑድ ደግሞ ባጃጁን አቁመህ አስቀድስ፤ ገቢው ቢጎድልም።

መቁጠሪያውን ከመስታወቱ ላይ አውርደው። እየተወዛወዘ መንገድ ይከልልሃል፤ ደግሞም የተሠራው ለእጅ ነው። ስትነዳ ግን እንዳትቆጥርበት፤ ሁለቱም እጆችህ መሪው ላይ ይሁኑ። ኪስህ ውስጥ ያዘው። ቤንዚን ሰልፍ ላይ ስትቆም አውጣውና 41 ኪርያላይሶን በልበት። ሰልፉ እንደምታውቀው አይጣደፍም።