ጋሼ፣ ማታ ምን ይበላሉ?

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጠየቀችኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብ የማግዝበት ቢሮ አለ፤ እሷም እዚያ ናት። ቤቷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። “ጋሼ፣ እኔ ቤት ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሰልፍ ላይ ብቻ አንድ ሰዓት እቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ሽንኩርት ይከትፋል? እርስዎ በኛ ዕድሜ እንዴት ያደርጉ ነበር?” አለችኝ።

“እንደምንም እናደርግ ነበር” ብዬ ሳቅ አልኩና ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ። ውሸቴን ነው። እኔ ምንም አላደርግም ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ አምሽተው ለሚገቡ ልጆችም ይህን ልጻፍ።

ዘመኑ 1989 ነው። ሽሮ ሜዳ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የምሠራው ቃሊቲ፣ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ። ከተማዋን በየቀኑ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ መሰንጠቅ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ በስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ለገሃር፣ ከለገሃር አንበሳ አውቶቡስ ተጋፍቶ ሳሪስ፣ ከዚያ ቃሊቲ። ማታ ያው በግልባጩ። ቀላል ባቡሩ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ መመላለስ የጀመረው በ2008 ነው። ለእኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶብኛል።

ሽሮ ሜዳን እናንተ የምታውቁት በሐበሻ ቀሚስ ይሆናል። ያኔ እኔ የተከራየሁበት ግቢ ጀርባ ሸማኔዎች ነበሩ። እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ። የመወርወሪያው ድምፅ መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር፤ በኋላ ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ጓደኞቼ ደግሞ “ሽሮ ሜዳ እየኖረ ሽሮ መሥራት የማይችል ሰው” እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም እስቃለሁ። ወንድ ልጅ ጓዳ አይገባም በሚባልበት ቤት ነዋ ያደግሁት።

በዚያው ዓመት እናቴ አረፈች። አባቴ ከመንዝ መጥተው እኔ ጋ ገቡ። ገበሬ ናቸው። ጓዳ ምን እንደሚመስል ከበሩ ወዲህ ሆነው ነው የሚያውቁት። የምታበስልልን ሴት ነበረች፤ እህቷ ታማባት አገሯ ሄደች። ከዚያ በኋላ ራታችን ዳቦና ሙዝ ሆነ። ያውም እኔ ሳመሽ ዳቦው ያልቃል። አባባ አያማርሩም። ከአገር ያመጡትን በሶ በጨው በጥብጠው ጠጥተው ይተኛሉ። መንዝ የገብስ አገር ነው፤ በሶ እዚያ የመንገደኛ ስንቅ ነው። እሳት አይል፣ ድስት አይል። እኔም “አባቴ በሶ ይወዳሉ” ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም ነው። ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ የበጀት ዓመት መዝጊያ። አምሽተን ወጣንና ከባልደረቦቼ ጋር ሳሪስ ወርደን አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ሁለተኛም አዘዝን። ከዚያ ዝናቡ ያዘኝ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ከአራት ኪሎ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁት። በሩን ስከፍት ሦስት ሰዓት አልፏል። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል።

ቤቱ የተቃጠለ ሽንኩርት ይሸታል። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ድስት አለ፤ እንዳይቀዘቅዝ በገዛ ጋቢያቸው ሸፍነውታል። እሳቸው በሸሚዝ ናቸው። የሰኔን ብርድ ታውቁታላችሁ።

“ሽሮ ሠራሁ። እስቲ ቅመስ” አሉኝ።

ከፈትኩት። ጓጉሏል። ሽምብራ የሚያህል ጉጉል ነው፤ ውስጡ ደረቅ ዱቄት። ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። ያለኝ አንድ ደህና ድስት ሥሩ ጠቁሯል። ዓይኔ የሄደው ድስቱ ላይ ነው። “ማን ጓዳ ግቡ አለዎት? በዚህ በላምባ ምድጃ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነበር እኮ!” አልኩ። ቀጥዬም “እኔ በልቻለሁ” አልኩ።

“እሺ። እንኳን በላህ” አሉ።

ሌላ ቃል የለም። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ በጨለማው ውስጥ እንጀራ ሲቆርሱ ሰማሁ። ጠዋት የተረፈውን ደፋሁት። ድስቱን በአሸዋ ስፈትግ አባባ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ እረሳው ነበር። ጥቅምት ላይ እህቴ ልትጠይቀን መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ “የእማማን ሽሮ ጨረሳችሁት?” አለችኝ። የትኛውን ሽሮ? እናቴ ከመታመሟ በፊት ያዘጋጀችው ነበር ለካ። አተሩን ራሷ ቆልታ፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ራሷ አድርቃ ያስፈጨችው። አባባ በጨርቅ ቋጥረው ይዘውት መጥተዋል። ለምታበስልልን ሴት እንኳ አላሳዩም። ያን ማታ ነው የፈቱት። ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ ጨመሩት፤ ልኩን አያውቁትማ።

አባባ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። አንስተን ተነጋግረንበት አናውቅም። እሳቸውም ጓዳ አልተመለሱም። እኔ ማብሰል የተማርኩት እሳቸው ካለፉ በኋላ ነው። ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እሺ፣ ወደ ራቱ ልመለስ። ሽሮ የሚጓጉለው ደረቅ ዱቄት የፈላ ውሃ ላይ አንዴ ሲዘረገፍ ነው። የዱቄቱ ላይኛው ክፍል ወዲያው ይበስልና ውሃውን ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ባለሙያዎቹ በእጃቸው እየነሰነሱ ቶሎ ቶሎ ያማስሉታል። እኔና እናንተ ግን ባለሙያ አይደለንም። ዱቄቱን አስቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ ከዚያ ጨምሩት። ይኸው ነው። አባባ ይህን የሚነግራቸው አንድ ሰው አጡ።

ማታ ሽንኩርት አትክተፉ። ሥራው እሑድ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት አብስሉት፤ ውሃው ሲመጥ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ጠብ ጠብ በሚል ውሃ፣ መጨረሻ ነጭ ሽንኩርቱን። ቁሌቱን በየትንሹ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡት። ማታ አንዱን አውጥታችሁ ውሃ ጣል፣ የተበጠበጠ ሽሮ ጣል። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ድርቆሽ ካለ ደግሞ በዚያው ቁሌት ፍርፍር ይሆናል፤ ልብስ ቀይራችሁ እስክትወጡ ይደርሳል። አተር ክክ የምትወዱ ጠዋት ነክራችሁት ውጡ። መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁን እየከፈታችሁ አትዩ፤ ቅዝቃዜው የሚወጣው እናንተ ስታዩት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናገርና ተቆጡኝ። የዛሬ ልጆች ስልክ ነካ አድርጋችሁ በሞተር ምግብ ታስመጣላችሁ። ከዚያ ደግሞ ከመብላታችሁ በፊት ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ምግቡ ይበርዳል። በወር የምታወጡትን ብትደምሩት ትደነግጣላችሁ፤ እኔ ለአንዱ ልጅ ደምሬለት ደንግጧል። ብቻችሁን ብትሆኑም እሳት ይለኮስ፣ ቤት ቤት ይሽተት እላለሁ።

እላለሁ እንጂ፣ ያለፈው ሰኞ ልጄ በስልክ ያዘዘችልኝን ፒዛ ሦስት ቁራጭ በልቻለሁ። ጥሩ ነበር። በጣም የደከማችሁ ቀንም አታብስሉ። በሶ በጥብጣችሁ ጠጡና ተኙ። በጨው ሞክሩት፤ በስኳር ብቻ የሚጠጣ የሚመስላቸው አሉ።

የቢሮዋ ልጅ ያለፈው ሐሙስ ማታ ደወለችልኝ። ታናሽ ወንድሟ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አብሯት ነው። ገና ከታክሲ መውረዷ፤ እሱ ቀድሟት ገብቶ ሽሮ ሠርቶ ጠብቋታል። “ጋሼ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ብየው ነበር። አልሰማኝም፤ ጓጉሏል። ምን ላድርገው?”

“ብይው” አልኳት።