ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኮንዶ ለገዛችሁ ወገኖቼ፦ ባዶ ፕሮክሲ (ሌላ ሰው በስማችሁ ድምፅ እንዲሰጥ የምትወክሉበት ወረቀት) አትፈርሙ

1. የወረቀት ስራው ቀላል ነው። ባይሎውን (የኮንዶውን መተዳደሪያ ደንብ) አንብቡ፣ አድራሻ ስትቀይሩ ለማኔጅመንቱ አሳውቁ።

2. ቤቱ በአጎት ልጅ ስም ተገዝቶ ወርሃዊውን ክፍያ እናንተ ብትከፍሉም የባለቤቶች ስብሰባ ላይ ድምፃችሁ አይቆጠርም። የሚመርጠው ዲዱ (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይ ስሙ ያለው ነው፣ ወይ እሱ በፅሁፍ የወከለው።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የቦርድ ምርጫ ሲደርስ አንዳንዶች በር ያንኳኩና "ኮረም (ምልአተ ጉባኤ) እንዲሞላ ነው፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ" ይላሉ፣ የኛ ሰው ይሉኝታ ይዞት ፈርሞ ይሰጣል፣ የተወካይ ስም የለ፣ ቀን የለ! እድር ላይ ሰብሳቢ ለመምረጥ ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች እኮ ነን፣ የቤታችንን ገንዘብ የሚይዘውን ቦርድ ግን በር ላይ ቆመን በፊርማ እንሰጣለን። ከዛ ያ ቦርድ ጣራ ይቀየር ብሎ ስፔሻል አሰስመንት (ከወርሃዊው ውጪ የሚጣል ተጨማሪ ክፍያ) ሲጥል "ማን መረጣቸው?" ይባላል። ፊርማችሁ ነዋ! ሌሊት ፅዳት እየሰሩ ቤት የገዙ እናት የአሰስመንቱን ደብዳቤ ይዘው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ ህጉን እወቁ። በሜሪላንድ የኮንዶሚኒየም ህግ ፕሮክሲ ለተከራይ ወይ ቤቱን በመያዣ ለያዘ አበዳሪ ካልተሰጠ በቀር ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 180 ቀን ነው የሚሰራው፣ ማለትም የአምና ፊርማችሁ ዘንድሮ አይቆጠርም። ለቦርድ ምርጫ ደግሞ ባይሎው ሌላ ካላለ በስተቀር እናንተ ራሳችሁ የምትመርጡትን እጩ ካልጠቀሳችሁበት የያዘው ሰው በስማችሁ ቦርድ መምረጥ አይችልም። መፈረም ካለባችሁ የተወካዩን ስም፣ ቀኑን፣ የእጩዎቹን ስም በእጃችሁ ፃፉ፣ ፎቶ አንሱት። ስብሰባ ከሄዳችሁም ስንት ፕሮክሲ ገባ፣ ማን ቆጠረው፣ ቀኑስ መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብላችሁ አትፈሩ፣ መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር በሉ። ያለ ውክልና የተቆጠረ ድምፅ ያስቀመጠው ሰው ተወካያችሁ አይደለም!

4. ምርጫው ትክክል ካልመሰላችሁ መጀመሪያ ለቦርዱ በፅሁፍ አቅርቡ። ካልተፈታ ሞንጎምሪ ካውንቲ የቤት ባለቤቶችንና የማህበራትን ክርክር የሚያይ ኮሚሽን አለው፣ የምርጫ ቅሬታም ይቀበላል። ተናደናል ብላችሁ ወርሃዊውን የኮንዶ ክፍያ ግን አታቁሙ፣ ቤቱ ላይ ሊን (የእዳ መያዣ) ይያዝባችኋል፣ ሊን ያለበትን ሰው ደግሞ ከምርጫ የሚያግድ ባይሎው አለ።