የቆዩ የአርማ ፋይሎቼ ለምን አልከፈት አሉኝ?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ አነስተኛ የኅትመት ሥራ እሠራለሁ። የደንበኞቼን አርማ፣ ማኅተምና ሌተርሄድ ለብዙ ዓመታት በኢፒኤስ ፋይል ሳስቀምጥ ኖሬአለሁ። አዲስ ማክ ላፕቶፕ ከገዛሁ ወዲህ ግን ፋይሎቹ ምስልና ሰነድ በሚያሳየው የማክ ፕሮግራም በፕሪቪው አይከፈቱልኝም፤ በዎርድ ሰነድ ውስጥም ማስገባት አልቻልኩም። ተበላሽተውብኝ ይሆን? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሁሉንም ወደ ጄፔግ ቀይረህ ተገላገል፣ ዋናዎቹንም ሰርዛቸው» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ፋይሎችዎ የተበላሹ አይመስለንም፤ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አፕል በ2022 ካወጣው ማክኦኤስ ቬንቹራ ጀምሮ ፕሪቪው ኢፒኤስና ፖስትስክሪፕት (ኢፒኤስ የተጻፈበት ቋንቋ) ፋይሎችን አይከፍትም፤ በ2023 የወጣው ሶኖማ ደግሞ እነዚህን ፋይሎች ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን አገልግሎት ከነጭራሹ አስቀርቶታል። ማይክሮሶፍት በዚህ ረገድ ቀድሞ ነበር፤ በኤፕሪል 2017 ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ኦፊስ ኢፒኤስን የሚያነብበትን ክፍል ዘግቶታል።

ጥርጣሬ ካለዎት አንዱን ፋይል በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው ይመልከቱ። የመጀመሪያው መስመር በፐርሰንትና በቃለ አጋኖ ምልክት ጀምሮ የፖስትስክሪፕትንና የአዶቢን ስም ከያዘ፣ ዝቅ ብሎም ባውንዲንግ ቦክስ ከሚለው ቃል አጠገብ አራት ቁጥሮች ካሉ፣ ፋይሉ ደኅና የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ቁጥሮቹ የምስሉን ዳርቻ የሚወስኑ ናቸው። ከቅድመ እይታ ምስል ጋር የተቀመጡ አንዳንድ ፋይሎች መጀመሪያቸው ላይ የማይነበቡ ምልክቶች ስለሚኖሯቸው ይህን ቢያዩ አይደንግጡ።

ኩባንያዎቹ ወደዚህ ውሳኔ የደረሱት ኢፒኤስ ከተራ ምስል የተለየ ባሕርይ ስላለው ነው። አዶቢ በ1984 ይፋ ያደረገውና በማግስቱ ዓመት በአፕል ሌዘርራይተር ፕሪንተር አማካይነት የኅትመቱን ዓለም የለወጠው ፖስትስክሪፕት የተሟላ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ኢፒኤስም በዚሁ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን መክፈት ማለት በውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ ማስኬድ ማለት ነው። ይህ ለዲዛይነር ምቹ የሆነውን ያህል ለአጥቂም ምቹ ነው። በ2017 የተጋለጡት ጥቃቶች በዎርድ ሰነድ ውስጥ በተደበቀ ጎጂ ኢፒኤስ የተፈጸሙ ስለነበሩ፣ ተጠቂው ሰነዱን ከመክፈት ያለፈ ብዙ ነገር ማድረግ አልነበረበትም። ፒዲኤፍ ምስልን የሚገልጽበት ዘዴ ከዚያው ከፖስትስክሪፕት የተወረሰ ቢሆንም የፕሮግራም ቋንቋነቱን ትቶታል፤ ኢፒኤስ የማያውቀውን ከሥሩ ያለውን የሚያሳልፍ ቀለምም በ2001 አክሏል። በእኛ አስተያየት መዝጋቱ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የዓመታት ሥራውን ያስቀመጠበትን በር የሚዘጋ ኩባንያ ቀላል መቀየሪያ አብሮ ማቅረብ ይገባው ነበር።

ወደ ጄፔግ መቀየሩን ግን ፈጽሞ አንመክርም። በኢፒኤስ የተቀመጠ የቬክተር (በነጥቦች ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተገለጸ) አርማ በቢዝነስ ካርድም ሆነ በሕንፃ ላይ በሚሰቀል ባነር ጥራቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ጄፔግ ያደረጉት ዕለት ግን በተወሰነ የፒክስል ብዛት ይታሰርና ሲያሳድጉት ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ለኅትመት የሚሆነውን ወደ ፒዲኤፍ፣ ለድረ ገጽ የሚሆነውን ኤስቪጂ ወደሚባለው የቬክተር ፋይል ዓይነት ይቀይሩ። አዶቢ ኢላስትሬተርና ኮረልድሮው ኢፒኤስን ዛሬም ይከፍታሉ። በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ጎስትስክሪፕት ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ለመቀየር ያመቻል፤ ሲጠቀሙ ኢፒኤስክሮፕ የሚባለውን አማራጭ ካላስገቡ አርማው በአንድ ትልቅ ባዶ ገጽ ጥግ ላይ ተወሽቆ ሊወጣ ይችላል። ኢንክስኬፕም መልካም ፕሮግራም ነው፤ ሆኖም ሲሠራበት የኖረው በስክሪን ቀለም በመሆኑ፣ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ተለክቶ የተቀመጠ የደንበኛ አረንጓዴ ወይም ቀይ ልኩን ሊስት ይችላል። የደንበኛን ማኅተም ኢንተርኔት ላይ ባለ ነፃ መቀየሪያ መጫን ደግሞ ማኅተሙን ለማያውቁት ሰው ከማስረከብ አይተናነስም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የአማርኛው ጽሑፍ ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት) ከመካተቱ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ እነዚህ ፎንቶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በየማተሚያ ቤቱ አገልግለዋል። ስለዚህ ፎንቱ በኢፒኤሱ ውስጥ አብሮ ካልተቀመጠና በሚቀይሩበት ኮምፒውተር ላይ ከሌለ፣ የድርጅቱ ስም የላቲን ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዶቹ ሥርዓቶች ፊደሉ በአንድ ፎንት አልበቃ ብሏቸው ለሁለትና ከዚያ በላይ ስለከፈሉት፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ከሚለው ውስጥ ሁለት ሦስት ፊደላት ብቻ ተበላሽተው ሌላው ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሙሉ ብልሽት የከፋ ነው፣ ሳይታይ ማተሚያ ማሽን ድረስ ይደርሳልና። በዚህ ላይ አዶቢ ታይፕ 1 ለሚባሉት የቆዩ ፎንቶች የሚሰጠውን ድጋፍ በጃንዋሪ 2023 አቁሟል፤ ፎንቱ በፋይሉ ውስጥ ካለ ምስሉ ይታያል፣ ይታተማልም፣ ጽሑፉን በፎንቱ ማረም ግን አይቻልም።

መፍትሔው ፎንቶቹ የተጫኑበትን የድሮ ኮምፒውተር ሳይጥሉ መጠቀም ነው። ከኢንተርኔት ያላቅቁትና አማርኛ ጽሑፍ ያለባቸውን ፋይሎች ከሌሎቹ አስቀድመው በተሠሩበት ፕሮግራም ይክፈቷቸው፤ ጽሑፉን ከርቭ አድርገው (ማለትም ፊደላቱን ፎንት ወደማያስፈልገው የመስመር ቅርጽ ለውጠው) በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ዳግም ስለማይታረም፣ ያልተነካውን ኮፒ በስሙ ላይ «ዋና» ብለው ለይተው ያኑሩ። እያንዳንዱን ውጤት ቀድሞ ከታተመ ሌተርሄድ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ።

ኢፒኤሶቹን አይሰርዟቸው፤ አብዛኞቹ ብዙ ቦታ አይወስዱም፣ ዛሬ የተቀየረው ፒዲኤፍም ነገ ስህተት ሊገኝበት ይችላል። ከማያውቁት ሰው በኢሜይል የሚመጣልዎትን ኢፒኤስ ግን ማሻሻያ በማያገኘው በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ከመክፈት ይልቅ ላኪው በፒዲኤፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁት።