ትኩስ ሽሮ በፌስታል፣ የ7 ሳምንት እርግዝናና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ትኩስ ሽሮ በፌስታል አስቋጥራችሁ አትውሰዱ፣ በተለይ ያረገዛችሁ፣ ፕላስቲክ ሲሞቅ ሆርሞን የሚያውክ ነገር ወደ ምግቡ ሊለቅ ይችላል ብዬ ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው በዛብኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሆርሞን የምለካ ሰው ነኝ። የራሳችሁን ምርመራ በተመለከተ ለሐኪማችሁ።

ጥያቄ፦ ቆይ ግን ፕላስቲክን ከሆርሞን ጋር ምን አገናኘው?

የሚገርመው እኮ መጀመሪያም በሆርሞንነቱ ነው የተሞከረው። አንዳንድ ፕላስቲክ የሚሰራበት ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል፣ በአጭሩ ቢፒኤ፣ በ1936 ቻርልስ ዶድስ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ የሴት ሆርሞን ማለትም ኢስትሮጅንን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ሞክሮት እንደ ኢስትሮጅን እንደሚሰራ አይቷል። ደካማ ስለነበር ተወው፣ በ1938 የበለጠ ኃይለኛ የሆነውን ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሰራሽ ኢስትሮጅን ይዘው መጡ፣ ያ ደግሞ ፅንስ እንዳይወርድ እየተባለ ለነፍሰ ጡሮች ሲታዘዝ ኖሮ በ1971 ከነዚያ እናቶች በተወለዱ ሴት ልጆች ላይ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር ሲታይ ነው አሜሪካ ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ ያለችው። ቢፒኤ ግን በ1950ዎቹ በሌላ በር ተመለሰ፣ ጠንካራ ፕላስቲክና የቆርቆሮ ምግብ የውስጥ ሽፋን ሆኖ። በቃ ኢስትሮጅን የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል፣ ሴሉም ባለቤቱ የመጣ ይመስለዋል። ሌላው ፕላስቲክ የሚያለሰልሰው ፍታሌት ነው፣ እሱ ደግሞ በብዛት የወንድ ሆርሞንን ነው የሚያውከው።

ጥያቄ፦ የ7 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስራ ቦታ ምሳዬን በየቀኑ በፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ማይክሮዌቭ ነው የማደርገው፣ ከታች ለማይክሮዌቭ ይሆናል ይላል። ልጄን ጎድቼው ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ።

እህቴ መጀመሪያ ተኚ። ቢፒኤ እርሳስ እንደሚባለው ብረት አጥንት ውስጥ ገብቶ አይከማችም፣ አብዛኛው በአንድ ቀን ውስጥ በሽንት ይወጣል፣ ፍታሌትም እንደዚያው። ችግሩ በየቀኑ መልሰን መላልሰን ስለምንጨምረው ነው፣ ደስ የሚለው ደግሞ ዛሬ ስትቀንሺ ነገ ሽንትሽ ላይ ይታያል። በ2011 አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 5 ቤተሰብ ለ3 ቀን ያልታሸገ፣ ፕላስቲክ ያልነካው ምግብ በልተው የቢፒኤ መጠናቸው በአማካይ 66 በመቶ ወርዷል። 3 ቀን ብቻ!

«ለማይክሮዌቭ ይሆናል» የሚለው ዕቃው አይቀልጥም አይጣመምም ማለት ነው እንጂ ምንም አይለቅም ማለት አይደለም። ሁለቱን ጠላቶች ያዢልኝ፣ ሙቀትና ቅባት። ቀዝቃዛ ጎመን በፕላስቲክ ይዘሽ መሄድና ዘይት የተንሳፈፈበት ቀይ ወጥ በዚያው ፕላስቲክ ማፍላት አንድ አይደሉም። ይዘሽ ሂጂበት፣ ስታሞቂው ግን ሳህን ላይ ገልብጪው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ጥንቃቄ የሚበዛው የልጁ አካል የሚሰራው ያኔ ስለሆነ ነው፣ የወንድ ልጅ ብልት በሆርሞን ቅርፅ የሚይዘው ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ነው፣ የታይሮይድ ሆርሞንም ልጁ የራሱን እስኪያመርት ካንቺ ነው የሚበደረው። አሁን ላይ ነሽ ማለት ነው፣ አልረፈደም።

ደግሞ ፎሊክ አሲድሽን እየወሰድሽ ነው? ስለ ምሳ ዕቃው ተጨንቀሽ እሱን ከረሳሽ ተጣላን። እኛ አገር የነርቭ ዘንግ ክፍተት (የአንጎል ወይም የህብለ ሰረሰር በደንብ ሳይዘጋ መቅረት) ይዘው የሚወለዱ ልጆች ብዙ ናቸው፣ እሱን የሚቀንስ መሆኑ የተረጋገጠ ክኒን እያለ ፕላስቲክን ማስቀደም አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ወርዶብኛል፣ ሁለቱም ከ10 ሳምንት በፊት። አማቴ ሾተላይ ነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ሃይላንድ ውሃ ስለምጠጣ ይሆን እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ።

አይዞሽ። ቀስ ብለን እንሂድ።

ሾተላይ የሚባለው ያንቺ ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እርግዝና ጀምሮ፣ ያውም ዘግየት ብሎ ነው ልጁን የሚጎዳው። የ8 እና የ9 ሳምንት ውርጃን እሱ ላይ መለጠፍ ብዙ አያስኬድም (የደም ዓይነትሽን ግን እወቂ፣ ኔጌቲቭ ከሆንሽ ከውርጃም በኋላ ሾተላይን የሚከላከለው መርፌ ሊያስፈልግሽ ስለሚችል ሐኪምሽን ጠይቂ)። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ፅንሱ ገና ሲጀመር የክሮሞዞም ቁጥር ተሳስቶ ነው፣ ያን ደግሞ ማንም እናት በምትጠጣው ውሃ አላመጣችውም።

ፕላስቲክስ? በ2014 ስታንፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች 115 ገና ያረገዙ ሴቶችን ደም ለክተው ቢፒኤ በጣም ከፍ ያለባቸው ላይ ውርጃው ዝቅ ካለባቸው ወደ 80 በመቶ በልጦ አግኝተዋል። ያስደነግጣል፣ ግን ሴቶቹ ብዙዎቹ ከዚያ በፊትም ወርዶባቸው የሚያውቁ ወይም ለማርገዝ የተቸገሩ ነበሩ፣ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው፣ ቢፒኤው አምጥቶት ነው ለማለት አያበቃም። ላንቺ የምለው፣ ሁለት ጊዜ ሲሆን መመርመር ተገቢ ነው፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ማህፀን፣ የደም መርጋት ችግር። የመኪናውን ውሃ ተይው፣ ራስሽን መውቀሱን ግን ከሱ በፊት ተይው።

ጥያቄ፦ እና ሃይላንድ ቢፒኤ አለው ወይስ የለውም?

የለውም። ቂጡን ገልብጣችሁ ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ቁጥር እዩ፣ 1 ከሆነ ፔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ከቢፒኤ አይሰራም። ፀሐይ ላይ ሲከርም ግን አንቲሞኒ የሚባል ብረት ነክ ነገር ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ቢፒኤ የሚገኘው ጠንካራው፣ ኳ ኳ የሚለው 7 ቁጥር ላይ ነው፣ ቢሮ ውስጥ የሚገለበጠው 20 ሊትር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። 7 ማለት «ሌላ» ስለሆነ ግን 7 ሁሉ ቢፒኤ አይደለም። 3 ቁጥር ፒቪሲ ነው፣ ፍታሌት ያለው እዚያ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ዘይት በአሮጌ ሃይላንድ እየተቀዳ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ መሸጡ ነው፣ ሙቀት አለ ቅባት አለ፣ ምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ቢፒኤ ፍሪ የሚል ገዛሁ፣ ተገላገልኩ?

ግማሽ። ብዙ ጊዜ ቢፒኤስ በሚባል የአጎት ልጅ ይተኩታል፣ እሱም ያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ብርጭቆ ግዢ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ፣ የ2 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ነው የምቆርጠው።

ይሄን ጥያቄ ሰው አይጠይቀውም፣ ጎበዝ። የደረሰኝ ወረቀት ላይ ያለው ቢፒኤ እንደ ዱቄት ላዩ ላይ የተነሰነሰ ስለሆነ ከፕላስቲኩ ይልቅ በቀላሉ እጅ ላይ ይቀራል፣ አውሮፓ ከ2020 ጀምሮ ደረሰኝ ላይ ያገደችው ለዚህ ነው። ሳኒታይዘር ወይ ሎሽን እጅሽ ላይ እርጥብ እያለ ደረሰኝ አትንኪ፣ በቆዳ የሚገባውን በጣም ይጨምረዋል። ጓንት ከፈቀዱልሽ አድርጊ፣ ካልሆነ ምሳ ከመብላትሽ በፊት በሳሙና ታጠቢ፣ ደረሰኝ ጨብጠሽ ቆሎ አትቆርጥሚ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እናቶቻችን በላስቲክ አድገው ወለዱ ይለኛል።

እናቶቻችን በቅልና በእንስራ ነው ያደጉት በይልኝ። ለማስረጃ ከፈለገ የተመራማሪዋን የፓትሪሺያ ሃንትን አይጦች ንገሪው። በ1998 ክሊቭላንድ ውስጥ ላብራቶሪዋ በድንገት የአይጦቹ እንቁላል ክሮሞዞም መዘበራረቅ ጀመረ፣ ምን መጣ ብለው ሲያጣሩ አንድ ሰራተኛ የፕላስቲክ ጎጆአቸውን በማይሆን ሳሙና አጥቦት ቢፒኤ እየለቀቀ ነበር። አይጥ ሰው አይደለም፣ ልክ ነው፣ ሰው ላይ ያለውም አብዛኛው ዝምድና የሚያሳይ እንጂ መንስኤ የሚያስር አይደለም። ግን የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣን በ2023 በቀን ይፈቀዳል የሚለውን ከ4 ማይክሮግራም ወደ 0.2 ናኖግራም በኪሎ የሰውነት ክብደት አወረደው፣ 20 ሺህ ጊዜ መቀነስ ነው። አሜሪካኖቹ እስካሁን ይሄን ያህል አልሄዱም፣ ስለዚህ ሳይንቲስቶቹም ይጣላሉ፣ ባልሽ ብቻውን አይደለም 😄

እሱንም ይመለከተዋል በይው፣ ከፍታሌት ብዛት ጋር የወንድ ዘር ጥራት መውረድ በተደጋጋሚ ታይቷል፣ ዘር ተሰርቶ እስኪወጣ ደግሞ 2 ወር ተኩል ገደማ ነው። ልታረግዢ ስታስቢ አብራችሁ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ለነፍሰ ጡር ምራቴ ህብስት ስጋግርላት ከስር ፌስታል ነው የማነጥፈው፣ ኮባ ስላጣሁ። ይቅር?

ይቅር እማማ። እንፋሎቱ ሰዓት ሙሉ እየቀቀለው እኮ ነው፣ ሊጡም ቀጥታ ላዩ ላይ ነው የሚተኛው። ንፁህ የጥጥ ጨርቅ ዱቄት ነስንሰው ያንጥፉ፣ አይጣበቅም። ኮባው በበዓል ሰሞን ገበያ አይጠፋም፣ ትንሽ በዛ አድርገው ይግዙና አጥበው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፣ ሲፈልጉት እሳት ላይ ለብለብ ሲያደርጉት ይለሰልሳል።