«ተመችቶሻል» ይሉኛል፦ ስለ ድብርትና ውፍረት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ስለ ውፍረትና ስለ አእምሮ ጤና የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ የላካችሁትን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ጊዜ 17 ኪሎ ጨምሬ 82 ገብቻለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ነው። ያየኝ ሁሉ «ተመችቶሻል» ይለኛል፤ እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ ነው የማነጋው። ሐዘን ያወፍራል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አዎ፣ ሐዘን አንዳንዱን ያከሳል፣ አንዳንዱን ደግሞ ያወፍራል። ኪሎሽ ለቁመትሽ ሲሰላ የሰውነት ክብደት መለኪያሽ 30 ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ጀምሮ ያለውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። አንዲት እናት ያጫወቱኝን ልንገርሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ መሶቡን ከፍተው፣ መብራት ሳያበሩ፣ ቆመው ቀዝቃዛ እንጀራ በወጥ ይበሉ ነበር። «ርቦኝ አይደለም፤ ቤቱ ጭር ሲል ነው» አሉኝ። ይህን ሆዳምነት የሚለው ሰው በጣም ያሳዝነኛል። እንቅልፍ ሲጎድል ርሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን ይጨምራል፤ ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይቀንሳል። ጭንቀቱ ሲሰነብት ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ስቡን ሆድ ላይ ያከማቻል፣ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል። ስለዚህ ከምግቡ በፊት እንቅልፍሽንና ሐዘንሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ የቱ ይቀድማል? ድብርቱ ነው ውፍረቱ?

መልስ፦ ሁለቱም ይቀድማሉ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ነበር። ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው በ55 በመቶ፣ ድብርት ያለባቸው ደግሞ የመወፈር ዕድላቸው በ58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሁለቱን ለየብቻ ማከም ብዙ ጊዜ የማይሳካውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ወንድሜ ለአእምሮ ሕመሙ ኦላንዛፒን የተባለ መድኃኒት ይወስዳል። ሕመሙ ተሻለው፤ ግን ሱሪው ሁሉ ጠበበውና «መድኃኒቱን እተወዋለሁ» ብሏል።

መልስ፦ እባክህ በራሱ እንዳያቆም ለምንልኝ። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ያመጣል፤ እየተመላለሰ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ማገገሙ ይከብዳል። ነገር ግን ወንድምህ የሚለው እውነት ነው። ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎትን በኃይል ከሚጨምሩት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ስኳርም ሊያስከትል ይችላል። ይህን ሲጀምር ሊነግሩት ይገባ ነበር። በየወሩ ይመዘን፣ የደም ስኳሩ ይታይ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ሊለውጥለት፣ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ሊጨምርለት ይችላል። ለቀጠሮው አብረኸው ብትሄድ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ሲሆን «ደህና ነኝ» ብሎ ይመለሳል።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ጸበል ላይ ሆኜ ብጾም ክብደቴ አይቀንስም?

መልስ፦ ሊቀንስም ላይቀንስም ይችላል። ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ዳቦና በስኳር የጣፈጠ ሻይ የጾም ቢሆኑም ያወፍራሉ። ጸበሉን ይጠመቁ፤ የታዘዘልዎት መድኃኒት ካለ ግን ሰዓቱን ሳያዛንፉ ይዋጡት።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ጭንቀቴን የማስታግሰው ማታ ማታ ሦስት ቢራ ጠጥቼ ነው። ቦርጬ ከዚያ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የ330 ሚሊ ሊትሩ አንድ ጠርሙስ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሦስቱ ከ400 ያልፋሉ። የከፋው ግን ሌሊት የሚያደርግህ ነው። ቶሎ ያስተኛሃል፣ ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብህ እየመታ ያነቃሃል። ጠዋት ጭንቀቱ ብሶ ይጠብቅሃል። በአንዴ ለማቆም ስትሞክር እጅህ ከተንቀጠቀጠ ወይም ካላበህ በሐኪም ክትትል ተው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ድካም፣ ድብርት፣ ውፍረት፣ በዚያ ላይ ብርድ አይለቀኝም። የአየሩ ይሆን?

መልስ፦ ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። አራቱ አብረው ሲመጡ ግን የእንቅርት ዕጢ ሥራ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ይታከማል። ድብርት ነው ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ተመርመሪ።

ጥያቄ (የመጀመሪያዋ እህታችን እንደገና)፦ ነገ ገበያ ላይ «ተመችቶሻል» ሲሉኝ ምን ልበል?

መልስ፦ «እንቅልፍ የለኝም» በያቸው። ከመካከላቸው አንዷ ቆማ ትጠይቅሻለች፤ ሐኪም ቤት አብራሽ እንድትሄድ እሷን ለምኛት።