የኪስ ስፓኒሽ ዲክሽነሪ ይዞ መማርና መጓዝ፦ ጥያቄና መልስ

ከስፓኒሽ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ ስለምትፈታው የኪስ ኤሌክትሮኒክ ዲክሽነሪ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የሚማሩም የሚጓዙም ጠይቀዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ መተርጎሚያ አለ። ታዲያ ለብቻዋ ዲክሽነሪ መያዝ ምን ይጠቅመኛል?

ለጉዞ ብቻ ከሆነ ስልክሽ ይበቃሻል። ጎግል ትራንስሌት ላይ ስፓኒሽን አስቀድመሽ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የምግብ ዝርዝርና ማስታወቂያ በካሜራ ያነብልሻል። ዲክሽነሪዋ ይህን አትችልም።

ለጥናት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስልኩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመልስልሻል። አንቺ መሀል ላይ ምንም አልሠራሽም። ዲክሽነሪዋ የምትሰጥሽ ቃሉን ብቻ ነው፤ ግሱን ማርባትም ሆነ ቃላቱን ማገጣጠም የአንቺ ድርሻ ነው። ቋንቋው ጭንቅላትሽ ውስጥ የሚገባው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ላይ መልእክት አይገባባትም፤ አንድ ቃል ልፈልግ ብለሽ ከፍተሽ ቪዲዮ ስታዪ አትገኚም። እኔ ብትጠይቂኝ፣ ስታጠኚ ዲክሽነሪዋን ያዢና ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪው።

ጥያቄ፦ ከምጽፋቸው ቃላት ግማሹን «አልተገኘም» ትለኛለች። ተበላሽታ ይሆን?

አልተበላሸችም። አንተ የምትጽፈው የረባውን ግስ ነው፤ እሷ የምታውቀው መነሻውን ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ገልጠህ «ስጠኝ» የሚለውን ብትፈልግ አታገኘውም። «ሰጠ» ብለህ ነው የምትፈልገው። ስፓኒሽም እንደዚሁ ነው። «ዳሜ» ማለት «ስጠኝ» ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ሜ» የእኛዋ «ኝ» ናት። «እሱን ስጠኝ» ለማለት ደግሞ «ሎ» ይጨመርና «ዳሜሎ» ይሆናል። ዲክሽነሪዋ ውስጥ ያለው «ዳር» የሚለው መነሻ ግስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከኋላ የተለጠፉትን ቁረጥ፣ ከዚያ ፈልግ።

የስፓኒሽ ግስ መነሻ በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ያበቃል። «ኮሞ»ን (እበላለሁ) ካየህ የመጨረሻዋን «ኦ» አውጣና ሦስቱን እየተካህ ሞክር። «ኮሜር» ላይ ታገኘዋለህ። አንዳንዱ ግስ ሲረባ መሀሉም ይቀየራል። «ፑዌዶ» (እችላለሁ) መነሻው «ፖዴር» ነው። «ኪዬሮ» (እፈልጋለሁ) ደግሞ «ኬሬር»። መሀል ላይ «ዌ» ካየህ ወደ «ኦ»፣ «ዬ» ካየህ ወደ «ኤ» መልሰህ ሞክር። ብዙ ጊዜ ይሳካል።

በዚህ መንገድ የማይገኙም አሉ። «ቦይ» (እሄዳለሁ) መነሻው «ኢር» ነው፤ በፊደል ምንም አይገናኙም። «ፉዊ» ደግሞ «ሄድኩ»ም «ነበርኩ»ም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ግን በየደቂቃው ይመጣሉ። በቃልህ ያዛቸው፣ ሌላ መፍትሔ የላቸውም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የግስ እርባታ ሰንጠረዥ አላቸው። «ኢር»ን (መሄድ)፣ «ሴር»ን (መሆን)፣ «ቴኔር»ን (አለኝ ለማለት) እና «አሴር»ን (ማድረግ) ከፍተህ ሰንጠረዡን ደጋግመህ አንብብ።

በጆሮህ የሰማኸውን የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በስፓኒሽ «ኤች» የምትባለው ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ቅድም የጠቀስኩት «አሴር» ራሱ በ«ኤች» ይጀምራል። «ቢ» እና «ቪ» ድምፃቸው አንድ ነው። ቃሉ በአንዷ ካልተገኘ በሌላዋ ሞክር። በፊደል ላይ የምትደረገውን ጭረት ግን ብትተዋትም አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቃሉን ያገኙታል።

አንዲት ምልክት ግን አትተው። «ኤን» ላይ የምትደረገዋ ማዕበል የእኛን «ኝ» የምታሰማዋ ናት፤ በስፓኒሽም ራሷን የቻለች ፊደል ናት። «አኞ» ዓመት ነው። ያለ ምልክቷ ከተጻፈ ግን «አኖ» ይሆናል፣ ትርጉሙም ፊንጢጣ ነው። ዕድሜ የሚነገረው በዚህ ቃል ስለሆነ፣ ከመሄድህ በፊት ምልክቷ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለች ፈልገህ እወቅ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው። ነገር ግን ከዲክሽነሪው አውጥቼ የምናገረው ቃል ሰዎችን ግራ ያጋባል። ምን እያጠፋሁ ይሆን?

ከሁሉም ጥያቄዎች የወደድኩት ይህንን ነው። እርስዎ በአማርኛ አስበው ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩታል፤ ዲክሽነሪው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ወደ ስፓኒሽ። ሐሳቡ የሚበላሸው መሀል ላይ ነው።

ለምሳሌ «ሻንጣዬ ቀላል ነው» ለማለት ፈልገው «ላይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉ እንበል። ዲክሽነሪው «ሉስ» ይልዎታል፣ «ሊኼሮ» ይልዎታል፣ «ክላሮ» ይልዎታል፣ «ኤንሴንዴር»ም ይልዎታል። የመጀመሪያው መብራት ነው። ሁለተኛው ክብደቱ ቀላል የሆነ ነገር ነው። ሦስተኛው ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ አራተኛው ማብራት ወይም መለኮስ። ላይ ያለውን አንስተው ከሄዱ «ሻንጣዬ መብራት ነው» ብለዋል። ስለዚህ ሁሉንም ያንብቡ። ስም ነው፣ ቅጽል ነው፣ ግስ ነው የሚለውን ምልክት ይመልከቱ። ከዚያ የመረጡትን የስፓኒሽ ቃል በሌላው አቅጣጫ መልሰው ይፈልጉት። ወደ ሐሳብዎ ከመለሰዎት ትክክል ነው። ይህን ሳያደርጉ ቃሉን ከአፍዎ አያውጡ።

እንግሊዝኛ የሚመስሉ ቃላትም ይጠንቀቁ። «ኤምባራሳዳ» ያፈረች ሳይሆን እርጉዝ ናት። «አክቱዋልሜንቴ» በአሁኑ ጊዜ ማለት ነው። «አሲስቲር» መርዳት ሳይሆን መገኘት ነው። «ኤክሲቶ» ስኬት ነው፤ መውጫ በር ከፈለጉ «ሳሊዳ» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አማርኛ ተናጋሪ ለስፓኒሽ አንዳንድ ነገር ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ይቀርበዋል፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም። እንግሊዝኛ አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም «ዩ» ብሎ ይጨርሰዋል። ስፓኒሽ ግን «ቱ» እና «ኡስቴድ» ብሎ ይለያል። አንዱ የወዳጅ ነው፣ ሌላው የአክብሮት። የግሱም አካሄድ ይቀራረባል። እኛ «እርስዎ ይሄዳሉ» ስንል ግሱን ከ«እነሱ» እንደምንዋሰው፣ እነሱም ለ«ኡስቴድ» ግሱን ከ«እሱ» ይዋሳሉ። ታክሲ ሹፌሩን ወይም የሆቴል ሠራተኛዋን «እርስዎ» ሊሉ ከነበረ «ኡስቴድ» ይበሉ።

«ያመኛል» የሚለውንም ይዩት። እንግሊዝኛው «እኔ ሕመም አለኝ» ዓይነት አነጋገር ያስተምርዎታል። ስፓኒሽ ግን «ሜ ዱዌሌ» ይላል፤ የሚያመው ነገር ባለቤት ነው፣ እኔ ደግሞ ተቀባይ ነኝ። ቁርጥ «ያመኛል»! «ሜ ጉስታ»ም እንዲሁ «ደስ ይለኛል» ነው፤ ደስ የሚለው ነገር ባለቤት፣ እኔ ተቀባይ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ብዙ ይቸገራሉ። እኛ ግን በእንግሊዝኛው በኩል ካልዞርን በቀር የምንቸገርበት ምክንያት የለም። ዲክሽነሪው ከሰጠዎት ቃል አጠገብ የአማርኛውን አነጋገር በማስታወሻ ይጻፉ። እንግሊዝኛው ቃሉን ማግኛ ብቻ ይሁንልዎ።

ጥያቄ፦ የተማርኳቸው ቃላት ስፔንም ሜክሲኮም ያው ናቸው?

አብዛኛው ያው ነው። የዕለት ተዕለት ቃላት ላይ ግን ልዩነት አለ። መኪና ስፔን ውስጥ «ኮቼ» ነው፣ በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች «ካሮ»። አውቶቡስ ሜክሲኮ ውስጥ «ካሚዮን»፣ አርጀንቲና «ኮሌክቲቮ»፣ ኩባና የካናሪ ደሴቶች «ጉዋጉዋ» ነው። «ኮኼር» የሚለው ግስ ስፔን ውስጥ መያዝ ወይም መሳፈር ሲሆን፣ ሜክሲኮና አርጀንቲና ግን ነውር ቃል ነው። እዚያ «ቶማር» በል፤ «ቶማር» የትም አያሳፍርህም። አርጀንቲናና ኡራጓይ ደግሞ በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ይላሉ፣ ግሱም «ቲዬኔስ» (አለህ) መሆኑ ቀርቶ «ቴኔስ» ይሆናል። ትናንሽ ዲክሽነሪዎች ይህን ሁልጊዜ አይነግሩህም። ጥሩዎቹ ከቃሉ አጠገብ የአገሩን ስም በምህጻረ ቃል ያስቀምጣሉ፤ አትለፈው። የስፓኒሽ ቋንቋ አካዳሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 የላቲን አሜሪካ ቃላትን ብቻ የያዘ ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ ከጉዞ በፊት የሚያጠራጥርህን ቃል እዚያ አጣራ።

ጥያቄ፦ ማስቀመጫዋን በቃላት ሞልቻታለሁ፣ አንዱም ግን አይታወሰኝም።

ማስቀመጥ ማጥናት ስላልሆነ ነው። ሦስት ነገር አድርጊ። ቃሉን ከመፈለግሽ በፊት ትርጉሙን ከዓረፍተ ነገሩ ገምቺ፤ ግምትሽ ስህተት ቢሆንም ቃሉ ይበልጥ ይያዝልሻል። ባየሽ ቁጥር ደግሞ አትፈልጊ። አንድ ጽሑፍ ላይ ቃሉ ሁለተኛ ሲመጣ ወይም ያለ እሱ ምንም ካልገባሽ ያኔ ፈልጊ፤ አለዚያ ማንበብሽ ቀርቶ ቁልፍ መጫን ይሆናል ሥራሽ። ያስቀመጥሽውን ደግሞ በማግስቱ ትርጉሙን ሳታዪ ራስሽን ጠይቂ። ያወቅሽውን ከዝርዝሩ አጥፊው። ዝርዝሩ አጭር ሲሆን ነው የሚጠቅመው።

ደረጃሽ ከፍ ሲል የእንግሊዝኛውን ትርጉም ተዪው። እ.ኤ.አ. በ1713 የተመሠረተው የስፔን ሮያል አካዳሚ መዝገበ ቃላቱን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ስፓኒሽን በስፓኒሽ ይፈታል። መጀመሪያ ያደክማል፣ ግን ቋንቋው መከፈት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዲክሽነሪዋ የምትናገረውን ሰምቼ ልድገም?

ድገም። የስፓኒሽ አምስቱ አናባቢዎች አማርኛ ውስጥ አሉ፤ እዚያ ላይ አትቸገርም። ማጥበቅና ማላላትን ግን ልብ በል። «ፔሮ» በላላ «ረ» «ግን» ማለት ነው፤ በጠበቀ «ረ» ሲሆን ውሻ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች በኮምፒዩተር የተሠራ ድምፅ ስላላቸው ለነጠላ ቃል ይሆናሉ እንጂ ለዓረፍተ ነገር ዜማ አይሆኑም። ዜማውን ከሬዲዮ ውሰድ።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ይዤ መግባት እችላለሁ?

የሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ዴሌ የተባለው የስፓኒሽ ችሎታ ፈተና ላይ አይፈቀድም። ለሌላ ፈተና ፈታኙን አስቀድመሽ ጠይቂ። ቢፈቀድም፣ በየቃሉ ከከፈትሻት ሰዓቱ ያልቅብሻል።

ጥያቄ፦ ያገለገለች አሮጌ ዲክሽነሪ ተሰጥቶኛል። ትሠራልኛለች ወይስ ጊዜዋ አልፏል?

ትሠራለች። መብላት፣ መሄድ፣ መግዛት አያረጁም። የሚጎድሏት የኮምፒዩተርና የስልክ ቃላት ናቸው። ቃሉን ከዝርዝር ላይ የምትፈልግ ከሆነ ግን የፊደሉን ቅደም ተከተል እይ። እስከ እ.ኤ.አ. 1994 ድረስ «ቼ» የሚባለው ጥምር ፊደል ከ«ሲ» ተለይቶ ለብቻው ይደረደር ነበር። ድርብ «ኤል»ም እንዲሁ። አካዳሚዎቹ በዚያ ዓመት ድርድሩን አስቀሩት፣ በ2010 ደግሞ ከፊደል ገበታው አወጧቸው። ቃሉን በቁልፍ ስትጽፍ ይህ አያገባህም፤ ወደ ታች እያወረድክ ስትፈልግ ግን ቃሉ የለም ብለህ እንዳትተወው።

ባትሪዋን አውጥተህ ተመልከት። የዛገ ወይም ያበጠ ከሆነ ቤቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረግና ቀይረው። ብዙዎቹ ሲአር 2032 የሚባለውን የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ይጠቀማሉ። እሱን ከሕፃን አርቅ፤ ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል፣ ስለዚህ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። በአውሮፕላን ስትሄድ ትርፍ ባትሪውን በእጅ ሻንጣህ ያዝ። ስክሪኑ ቢደርቅብህ ከጀርባዋ ያለችውን ቀዳዳ በቀጭን ነገር መጫን ብዙ ጊዜ ያስነሳታል። ያስቀመጥካቸውን ቃላት ግን ሊያጠፋብህ ስለሚችል፣ ከአሁኑ ወደ ደብተር ገልብጣቸው።